ፍርሃትን ማን አወረሰን?

እናቲቱ ቀበሮ ሰው አትወድም። ሰው ወደ ሽቦው ሲጠጋ ጥርሷን አውጥታ ታጉረመርማለች፣ ካልራቀላትም ዘላ ሽቦውን ትነክሳለች። ከሥሯ ያሉት ቡችሎች ግን ሁለት ዓይነት ናቸው። ገና በቅጡ መራመድ ያልቻሉ፣ ሰው ሲያዩ ግን እየወደቁ እየተነሡ ወደ በሩ የሚሮጡና ጅራታቸውን የሚቆሉ አሉ። እንደ እናታቸው አጉረምርመው ወደ ጎሬያቸው የሚሸሹም አሉ። እናቲቱን የሚያናድዷት የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ማጅራታቸውን በጥርሷ ይዛ ወደ ጎሬው ትመልሳቸዋለች።

ይህን ያዩት ሩሲያዊቷ የዘረመል ተመራማሪ ሉድሚላ ትሩት ናቸው። ቦታው ሳይቤሪያ፣ ኖቮሲቢርስክ አካባቢ ነው፤ ዘመኑ ደግሞ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1970ዎቹ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ቡችሎቹ ሁሉ ከአንድ ማሕፀን ወጡ፣ አንድ ጡት ጠቡ፣ የአንዲት እናት ቁጣ እየሰሙ አደጉ። በሥጋ ግን የአንዲት እናት ልጆች አይደሉም። ከፊሎቹ ጽንስ ሳሉ ሰው ከምትወድ ሌላ ቀበሮ ተወስደው ወደዚህችኛዋ ማሕፀን የተዛወሩ ናቸው። ትሩት ማን የማን ልጅ እንደሆነ በጸጉራቸው ቀለም ይለዩ ነበር። ያዩት ነገር አያሻማም፤ ቡችሎቹ የወጡት በተሸከመቻቸውና ባጠባቻቸው እናት ሳይሆን ዘሯን በሰጠቻቸው እናት ነው።

ጥያቄው የቀበሮ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላስጨነቀን ነበር። በየቤታችን ድንጉጥ የሆነች ሴት ልጅ ስትታይ «እናቷም እንዲሁ ነበረች» ይባላል። ሌሊት ልቡ እየመታ ከእንቅልፉ የሚነሣ፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር መርዶ የሚመስለው፣ ሰው ፊት መቆም የሚያርደው ሰው ሕመሙን ለዘመድ እንኳ አይናገርም፤ ለጋብቻ ዘር ሲጠያየቁ ወሬው እንዳይነሣበት ይፈራል። ከዚያ ሁሉ በላይ የሚከብደው ግን ልጅ ሲወልድ የሚመጣበት ሐሳብ ነው፤ እኔ ያየሁትን እሱም ሊያይ ነው? ይህን ጥያቄ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጠይቅ ሰው እውነተኛ መልስ ይገባዋል። መልሱ ደግሞ «አዎ» ወይም «አይ» ብሎ የሚያበቃ አይደለም።

የቀበሮውን ሙከራ በ1959 የጀመሩት የትሩት አለቃ ዲሚትሪ ቤልያየቭ ነበሩ። በዚያን ጊዜ በሶቪየት ኅብረት ዘረመል ማጥናት ሰውን ዋጋ ያስከፍል ነበር። በስታሊን ፊት ሞገስ ያገኘው ትሮፊም ሊሴንኮ ሳይንሱን ከዩኒቨርሲቲ አስወጥቶት፣ ተመራማሪዎቹን ለእስርና ለሞት ዳርጓቸው ነበር። የቤልያየቭ ታላቅ ወንድም ኒኮላይም የዘረመል ተመራማሪ ነበር፤ በ1937 ተረሽኗል። ስለዚህ ቤልያየቭ ሥራቸውን ጸጉራቸው ለገበያ የሚፈለግ እንስሳትን አካላዊ አሠራር ማጥናት የሚል ስም ሰጡት። በልባቸው የያዙት ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፤ ተኩላ ውሻ የሆነው እንዴት ነው?

በ30 ወንድና በ100 ሴት ቀበሮዎች ተጀመረ። መመዘኛው አንድ ብቻ ነበር፤ የሰው እጅ ሲቀርባቸው ምን ያደርጋሉ? በየትውልዱ ትንሽ የሚፈሩት ተመርጠው ይዳቀላሉ። ከወንዶቹ ከመቶ አምስት የማይበልጡት፣ ከሴቶቹ ከመቶ 20 ያህሉ ብቻ ለመውለድ ይበቃሉ። ማንም አያሠለጥናቸውም፣ ከሰው ጋር የሚያሳልፉትም ጊዜ የተወሰነ ነው። ማለማመድ ውጤቱን እንዳያበላሸው ተብሎ የተደረገ ነው። በስድስተኛው ትውልድ ሰው ሲያዩ እንደ ውሻ የሚያለቅሱና እጅ የሚልሱ ቡችሎች ተወለዱ። በአሥረኛው ትውልድ እንዲህ ያሉት ከመቶ 18 ደረሱ፣ በሃያኛው 35። በጎን ደግሞ ከ1970 ገደማ ጀምሮ ሰውን የሚጠሉት እርስ በርስ እየተዳቀሉ ሌላ ዘር ተፈጠረ። ያቺ ቡችሎቿን በማጅራታቸው የምትጎትት እናት የመጣችው ከዚያ ዘር ነው።

ትንሽ በሚፈሩት በተመረጡት ደም ውስጥ የታየው ለውጥ የበለጠ ያስደንቃል። አካል ሲደነግጥ ከኩላሊት በላይ ያሉት ትንንሽ ዕጢዎች እንደ ኮርቲሶል ያሉ ንጥረ ነገሮችን ወደ ደም ይለቅቃሉ። ከ12 ትውልድ በኋላ በተመረጡት ቀበሮዎች ደም ውስጥ ያለው መጠን ካልተመረጡት ግማሽ ገደማ ሆነ። ከ28 እስከ 30 ትውልድ ሲደርስ ያም በግማሽ ቀነሰ። ጊዜውም ተለወጠ። ተራ የቀበሮ ቡችላ በስድስት ሳምንቱ ገደማ አዲስ ነገር መፍራት ይጀምራል፤ የተመረጡት ግን እስከ ዘጠነኛው ሳምንትና ከዚያም በላይ ሳይፈሩ ይቆያሉ። ሦስት ሳምንት ለሰው ምንም አይደለም። ዓለምን ሳይፈራ እያሸተተ ለሚያውቅ ቡችላ ግን አንድ ልጅነት ነው።

ስለ እነዚህ ቀበሮዎች የታጠፈ ጆሮና ስለ ዝንጉርጉር ጸጉር ብዙ ተወርቷል። ያ ክፍል አከራካሪ ሆኗል፤ በ2019 የወጣ ጥናት እንስሳቱ ከካናዳ እርባታዎች የመጡ ዘሮች መሆናቸውንና አንዳንዱ መልክ ከሙከራው በፊት የነበረ መሆኑን አሳይቷል። ፍርሃታቸው መቀነሱን ግን ማንም አላስተባበለም። በ2018 አና ኩኬኮቫና ባልደረቦቻቸው የተመረጡትን፣ ቁጡዎቹንና ተራዎቹን ቀበሮዎች ዘረመል ፊደል በፊደል ሲያነጻጽሩ ልዩነት የታየባቸው 103 ቦታዎች አገኙ። ልብ በሉ፣ አንድ ሳይሆን 103። የፍርሃትን ውርስ ጉዳይ ከዚህ ቁጥር ጀምሮ ማንበብ የሚሻል ይመስለኛል፤ የሰውን ፍርሃት የማጥናት ታሪክ በተቃራኒው ተጀምሮ ብዙ ዓመት ባክኗልና።

ሰውን እንደ ቀበሮ መርጦ ማዳቀል አይቻልም፣ አይገባምም። ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ የተማመኑት በመንታዎች ነው። ፍጹም የሚመሳሰሉ መንታዎች ዘረመላቸው አንድ ነው፤ ሌሎቹ መንታዎች ግን የሚጋሩት እንደ ማንኛውም ወንድምና እህት ነው። አንደኛዋ የጭንቀት ሕመም ሲይዛት ሁለተኛዋንም የሚይዛት በየትኞቹ መንታዎች ይበልጣል? ኬኔት ኬንድለርና ባልደረቦቻቸው በ2001 እስከዚያ የተደረጉትን ጥናቶች አጣምረው ሲያሰሉ፣ ለድንገተኛ የሽብር ሕመም የውርስ ድርሻው ከመቶ 43፣ ለማያባራ ጭንቀት ደግሞ ከመቶ 32 ገደማ ሆነ።

ይህ ቁጥር በቀላሉ ይጣመማል። ከአንዲት ሴት ፍርሃት ውስጥ ሲሶው ከእናቷ መጣ ማለት አይደለም። በአንድ ሕዝብ ውስጥ በሰዎች መካከል ካለው ልዩነት ያን ያህሉ ከዘረመል ልዩነት ጋር ይሄዳል ማለት ነው። ስለ ብዙ ሰው የሚናገር ነው እንጂ የአንድ ሰው ዕጣ አይነበብበትም። ከመቶ 32 ሲባል ደግሞ ሌላው 68 ከሌላ ቦታ እንደሚመጣ መርሳት የለብንም።

በ1996 ግን ነገሩ የቀለለ መሰለ። ጀርመናዊው ክላውስ ፒተር ሌሽና ባልደረቦቻቸው 505 ሰዎችን መርምረው፣ ሴሮቶኒን የሚባለውን የአንጎል መልእክተኛ ሰብስቦ የሚመልሰውን ፕሮቲን ከሚሠራው ዘረመል አጠገብ፣ በአንዳንዱ ሰው አጭር በሌላው ረጅም የሆነ ቁራጭ መኖሩን ገለጹ። አጭሩን የያዙት በመጠኑ ይበልጥ ጭንቀታሞች ሆነው ተገኙ። ጥናቱ ራሱ ቁራጩ ከባሕርዩ ልዩነት ከመቶ 3 እስከ 4 ብቻ እንደሚያስረዳ በግልጽ ጽፏል። ያቺ ጥንቃቄ ግን ከወረቀቱ ውጭ ብዙ አልተጓዘችም። «የጭንቀት ዘረመል» ተብሎ ተወራ። በ2003 ደግሞ ከኒው ዚላንድ አንድ ሌላ ጥናት፣ አጭሩን የያዘ ሰው ክፉ ነገር ሲደርስበት በድብርት የመያዝ ዕድሉ ይበልጣል አለ። እሱን ተከትለው እጅግ ብዙ ጥናቶች ታተሙ፤ አብዛኞቹ በጥቂት መቶ ሰዎች ላይ የተሠሩ ነበሩ።

ከዚያ ትልልቆቹ ቁጥሮች መጡ። በ2009 ከ14 ሺህ በላይ ሰዎችን ያጣመረ ግምገማ የተባለውን ግንኙነት አላገኘም። በ2019 ደግሞ በድብርት ጉዳይ ለዓመታት በስም ሲጠሩ የነበሩ 18 ዘረመሎች፣ ያን ዝነኛ ዘረመል ጨምሮ፣ በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ሲፈተሹ እንደ አጋጣሚ ከተመረጡ ዘረመሎች አልበለጡም። ይህን ሳነብ የሚያሳዝነኝ የባከነው ገንዘብ ብቻ አይደለም። በእነዚያ ዓመታት «አጭሩ አለብህ» ተብሎ ራሱን እንደ ተሰበረ ዕቃ የቆጠረ ሰው ነበር፤ በቂ ምክንያት አልነበረውም።

ዛሬ የሚፈለገው አንድ ዘረመል አይደለም። የመቶ ሺዎችን ዘረመል ከጫፍ እስከ ጫፍ አንብቦ፣ በጭንቀት ሕመም በተያዙትና ባልተያዙት መካከል በጥቂቱ የሚለዩ ፊደላትን መልቀም ነው። እስካሁን ከተሠሩት ትልቁ ከሚባሉት በአንዱ ከ120 ሺህ በላይ ሕመምተኞችና ከ700 ሺህ በላይ ሌሎች ሰዎች ተካተው 58 ቦታዎች ተለዩ። ከእነዚህ እያንዳንዱ የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው ነገር እዚህ ግባ የማይባል ነው። ብዙዎቹም ከድብርት ጋር የጋራ ናቸው፤ ሐኪሞች ሁለቱን ሕመሞች በአንድ ሰው ላይ ደጋግመው የሚያገኙት ያለ ምክንያት አይደለም። እኔም አንተም አንቺም ከእነዚህ ፊደላት የተወሰኑት አሉን። የሌለው ሰው የለም።

አገራችን ለዚህ ያላት አባባል ከብዙ የሳይንስ ማብራሪያ ይቀርባል፤ ለደንባራ በቅሎ ቃጭል። ዘረመል የሚሰጠው መደንበርን ነው፤ የመደንገጥ ቅርበትን፣ ልብ በትንሽ ነገር መምታቷን። ቃጭሉን የምታስረው ሕይወት ናት፤ ጦርነት፣ ስደት፣ ሥራ ማጣት፣ የወላጅ ሞት። ያለ ቃጭል በሰላም የኖረች ደንባራ በቅሎ ብዙ ናት። ያልደነበረችውም ቢሆን ቃጭሉ ከበዛባት መደንበሯ አይቀርም።

ፍርሃት ራሱ አንድ ነገር አለመሆኑ ደግሞ ጉዳዩን ያወሳስበዋል። በአሜሪካ አዮዋ ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት ያጠኗት፣ ማንነቷ እንዳይታወቅ በሁለት ፊደል ብቻ የምትጠራ አንዲት ሴት አለች። ኡርባኽ ቪተ የሚባል እጅግ ብርቅ የውርስ ሕመም አለባት፤ የሚመጣው አንድ ዘረመል ሲበላሽ ነው። ሕመሙ በአንጎሏ ግራና ቀኝ ያሉትን፣ አሚግዳላ የሚባሉትን የለውዝ ፍሬ የሚያክሉ ክፍሎች አጥፍቶባታል። እባብ ይዛ ተደሰተች። ሰው ለማስፈራራት ወደተሰናዳ አሮጌ ሆስፒታል ሲወስዷት ከፊት ሆና እየመራች ገባች። ፍርሃት የሌላት ሴት ተባለች። በ2013 ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት አየር አንድ ጊዜ ሲያስተነፍሷት በሽብር ተያዘች፤ ተመሳሳይ ጉዳት ያለባቸው ሁለት መንታ እህትማማቾችም እንዲሁ። ከውጭ የሚመጣን አደጋ መፍራትና ከውስጥ የሚመጣን መታፈን መፍራት በአንጎል ውስጥ መንገዳቸው አንድ አይደለም። እንግዲህ በአንድ ዘረመል መበላሸት አሚግዳላዋን ያጣች ሴት እንኳ ፍርሃቷ ሙሉ በሙሉ ካልጠፋ፣ በሺህ ጥቃቅን ፊደላት የሚመጣውን የተራ ሰው ጭንቀት በአንድ ስም ጠርቶ መጨረስ አይቻልም።

ሳልጠቅሰው ማለፍ የማልችለው አንድ ጉዳይ አለ። ከላይ ያነሣኋቸው 58 ቦታዎች የተለዩት የዘር ሐረጋቸው ከአውሮፓ በሆነ ሰዎች ላይ ነው። በ2020 የታተመ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጥናት ጥቁር አሜሪካውያንንም አካትቶ ነበር፤ ነገር ግን የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው 175 ሺህ ያህል ሲሆኑ ጥቁሮቹ 24 ሺህ ያህል ብቻ ነበሩ። ከመጀመሪያዎቹ አምስት ምልክት ሲገኝ ከሁለተኛዎቹ አንድ ብቻ ተገኘ። የሰው ልጅ የዘረመል ልዩነት ከየትም በላይ ሰፍቶ የሚገኘው በአፍሪካ ነው። አውሮፓውያን ላይ ተሰልቶ የመታመም ዕድልን የሚገምት የዘረመል ነጥብ ጎንደር ወይም ሐዋሳ ለተወለደ ሰው በትክክል አይሠራም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኬንያ፣ ከዩጋንዳና ከደቡብ አፍሪካ ተቋማት ጋር ሆነው በስኪዞፍሬኒያና በባይፖላር ሕመም ላይ በሠሩት ኒውሮጋፕ በተሰኘው ትልቅ ጥናት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ምራቃቸውን ሰጥተዋል። ለጭንቀት ሕመምም ያንን የመሰለ ሥራ ያስፈልገናል። ያ እስኪሆን ድረስ በስልክ መተግበሪያ ወይም በፖስታ «የጭንቀት ዘረመልህን እንንገርህ» የሚል ቢመጣ ገንዘባችሁን አትስጡት።

ከዘረመል ውጭ የቀረው ድርሻ ታዲያ ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ ሱዛን ሚነካና ማይክል ኩክ በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በዝንጀሮዎች ላይ የሠሩት ሙከራ ከማውቃቸው ሁሉ ይበልጥብኛል። ጫካ ያደጉ ሬሰስ ዝንጀሮዎች እባብ አጥብቀው ይፈራሉ። ከጫካዎቹ የተወለዱ፣ ቤተ ሙከራ ያደጉ ልጆቻቸው ግን አይፈሩም፤ እባብ ካለበት ሳጥን ባሻገር ምግብ ቢቀመጥላቸው እጃቸውን ዘርግተው ይወስዳሉ። ዘራቸው ያው ነው። ከዚያ ልጆቹ ወላጆቻቸው እባብ ፊት ሲሆኑ እንዲያዩ ተደረገ። ወላጅ ጮኸ፣ ወደ ኋላ ሸሸ፣ ሽቦውን ጨበጠ። ልጆቹን እባብ አልነካቸውም፣ አልነደፋቸውም። ማየታቸው ብቻ በቃ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አብዛኞቹ እንደ ወላጆቻቸው ፈሩ፣ ከሦስት ወር በኋላም ፍርሃታቸው አልለቀቀም።

ሚነካና ኩክ በዚህ አላበቁም። የቪዲዮ ፊልሙን ቆራርጠው፣ የደነገጠው ዝንጀሮ አበባ ፈርቶ የደነገጠ እንዲመስል አደረጉ። ፊልሙን ያዩት ዝንጀሮዎች አበባ መፍራት አልተማሩም። እባቡን የፈራ የሚመስለውን ያዩት ግን ተማሩ። የውርስ ቦታው የተገለጠው እዚህ ነው። ዝንጀሮዎቹ የወረሱት የእባብን ፍርሃት አይደለም፤ እባብን መፍራት ከአበባ ይልቅ ቶሎ የመማር ዝግጁነትን ነው እንጂ። ዘረመል ያዘጋጃል፤ ምን እንደሚፈራ የሚያሳየው የወላጅ ፊት ነው።

የሰው ልጅም ከዚህ አልራቀም። በ2002 አውስትራሊያ ውስጥ ገና ሁለት ዓመት ላልሞላቸው ሕፃናት የጎማ እባብና የጎማ ሸረሪት ቀረበላቸው፤ እናቶቻቸው አንዴ ፈገግ፣ አንዴ ደንገጥ እያሉ። እናቱ የደነገጠችለትን አሻንጉሊት ሕፃኑ በኋላም ይሸሸው ነበር። በ2015 ደግሞ ታሊያ ኢሊ የመሩት ቡድን በስዊድን የመንታዎችን ልጆች አጠና። የዚህ ጥናት ብልኃት አክስት ላይ ነው። እናትህ ፍጹም የምትመስላት መንታ እህት ካለቻት፣ አክስትህ በዘረመል ከእናትህ እኩል ትቀርብሃለች። ጭንቀት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚሻገረው በዘረመል ብቻ ቢሆን፣ የልጁ ጭንቀት እናቱን የሚመስለውን ያህል አክስቱንም በመሰለ። አልመሰለም። ልጁ የመሰለው አብሮት የሚኖረውን ወላጅ ነው።

ይህ የቀበሮውን ሙከራ ያፈርሰዋል? አያፈርሰውም። ቀበሮዎቹ ለትውልዶች ወደ ሁለት ጫፍ የተገፉ ናቸው፤ ልዩነታቸው ማንም ቤት ውስጥ ከሚኖረው እጅግ የሰፋ ነው። የስዊድኖቹ ደግሞ ተራ ቤተሰቦች፣ ልጆቹም ጎረምሶች ነበሩ። እናም በተራ ቤት ውስጥ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ በሚደረገው መሻገር፣ ከደም ይልቅ በዓይን የሚገባው ይበልጥ ይታያል። ልጅን ለማስተኛት «አያ ጅቦ መጣልህ» ማለት፣ ከደጅ ሲወጣ «ትወድቃለህ፣ መኪና ይገጭሃል» እያሉ መከተል፣ ሐኪም ቤት ሲገባ ከልጁ በላይ መርበትበት ከፍቅር የሚመጡ ናቸው። ይህን ያደረገች እናት ልትወቀስ አይገባትም፤ እሷም እንዲሁ ነው ያደገችው። ግን ልጁ ያያል።

ሚነካና ኩክ ያሳዩት አንድ ሌላ ነገር በጣም ያጽናናኛል። እባብ የማይፈራ ዝንጀሮ በእባብ አጠገብ ተረጋግቶ ሲሄድ አስቀድመው ያዩ ወጣቶች፣ በኋላ የሚደነግጠውን ቢያዩም አብዛኞቹ ፍርሃቱ አልያዛቸውም። መረጋጋትም ይታያል፣ ይወረሳልም።

ይህንኑ በሰው ላይ የሞከሩት አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጎልዳ ጊንስበርግ ናቸው። በ2015 ውጤቱ በታተመው ጥናት የተሳተፉት 136 ቤተሰቦች ነበሩ። በየቤቱ አንድ ወላጅ የጭንቀት ሕመም አለበት፣ ከ6 እስከ 13 ዓመት የሆኑት ልጆች ግን ገና አልታመሙም። ከፊሎቹ ቤተሰቦች ለሁለት ወር ያህል በየሳምንቱ ከባለሙያ ጋር ተቀመጡ። ወላጆች የራሳቸውን ጭንቀት መለየትና በልጁ ፊት አለማፍሰስን፣ ልጁ የሚፈራውን ነገር ከማሸሽ ይልቅ በትንሽ በትንሹ እንዲጋፈጠው መተውን ተለማመዱ። ልጆቹ የሚያስፈራቸውን ሐሳብ መጠየቅን ተማሩ፤ እውነት ነው? ቢሆንስ ምን አደርጋለሁ? የማንም ዘረመል አልተነካም። ከአንድ ዓመት በኋላ ይህን ካገኙት ልጆች ከመቶ 10 እንኳ በማይሞሉት ላይ የጭንቀት ሕመም ታየ። ካላገኙት ከመቶ 31 ላይ።

በኋላ በተደረገው የዓመታት ክትትል ልዩነቱ እየጠበበ ሄደ። ልጆቹ አደጉ፣ ትምህርት ቤት ቀየሩ፣ ሕይወት አዲስ ነገር አመጣችባቸው፤ ለስምንት ሳምንት የተሰጠ ድጋፍ ለዚያ ሁሉ አልበቃም። ክትባት እንደሚታደስ ይህም በየጊዜው መታደስ አለበት። የሚታደሰው ደግሞ ከወላጅ ጀምሮ ነው፤ ለጭንቀት ሕመም የሚሰጠው የንግግር ሕክምናም ሆነ መድኃኒቱ የዘረመል ምርመራ ሳይጠይቅ ብዙዎችን ያሽላል። እናት ወይም አባት ስለ ልጃቸው ተጨንቀው ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ «ለእኔም እዩልኝ» ቢሉ ልጃቸውን መርዳት የጀመሩት ያኔ ነው።